ቆርጬ የጣልኩት አርባ ሰከንድ

ያን ጊዜ የምኖረው በምላሴ ነበር። የሸዋሮቢት ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ተምሬ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ጠባብ ቢሮ ከፍተን፣ መኪና እየተከራየን ሰው እናስጎበኛለን። ሥራዬ ማውራት ነው። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ የምናገረው አለኝ፤ ከዋሻው ወጥተን ገደሉ ከነጉሙ ፊታችን ሲዘረጋ የምናገረው አለኝ። ሰው የት ላይ እንደሚስቅ፣ የት ላይ ዝም እንደሚል አስቀድሜ አውቃለሁ። የሌላ ሰው ሐዘን ሳወራ እንኳ ድምፄን መቼ ዝቅ እንደማደርግ አውቅ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። ያን ቀን የደረሰብኝ እንዲገባችሁ ነው።

ከምናዘጋጃቸው ጉዞዎች ሰው የሚወደው ወደ ትውልድ አገሬ የሚወስደውን ነበር። በዓመት አንድ ቀን ከሸዋሮቢት ወጣ ብሎ በሮቢ ወንዝ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ የይፋትና የአካባቢው ሸላዮች ይሰበሰባሉ። ነጋሪት ይጎሰማል፣ እምቢልታና መለከት ይነፋል፣ ፉከራና ቀረርቶ ይሰማል። ድሮ ሰው ለዘመቻ የሚጠራበት ዜማ አሁን ለበዓል ይቀርባል፤ እኛም እንግዳ ይዘን ሄደን እናያለን፣ እናጨበጭባለን፣ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን።

ባለፈው ዓመት በዓሉ ላይ አንድ ሸላይ በስልኬ ቀርጬ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ እጁ እንደልብ የማይታዘዝለት ወጣት ነው። ድምፁ ግን ሜዳውን ጸጥ አደረገው። ያንን ቪዲዮ ለጉዟችን ማስታወቂያ እንዲሆን አሳምሬ አወጣሁት። ከማውጣቴ በፊት ግን መጨረሻውን ቆረጥኩት። መጨረሻው ላይ ሸላዩ ድምፁ ይሰበርና፣ ጥቂት ቃል ተናግሮ፣ ፊቱን በአንገቱ ፎጣ ሸፍኖ ከመድረኩ ይወርዳል። አርባ ሰከንድ ቢሆን ነው። ጓደኞቼ «ለሽርሽር የሚመጣ ሰው ለቅሶ አይፈልግም» አሉ። እውነቱን ልናገር ካልኩ እነሱ አይደሉም ያሉት። እኔ ነኝ ያልኩት።

ማስታወቂያው ሰመረ። ዘንድሮ አሥራ አራት ሰው ተመዘገበ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናችን ዘንድ መጨረሻ የደረሱት እትዬ ከድጃ ነበሩ። ስድሳውን ያለፉ፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ፣ አንዲት ፌስታል ብቻ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ፋጡማ እጃቸውን ይዛ አሳፈረቻቸውና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«አደራ እናቴን» አለችኝ። «ደም ግፊት አለባት። ከሸዋሮቢት ወዲያ ያለችው የማጀቴ ከተማ ልጅ ናት፤ እኔ ጋ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። አገሬን ልየው ብላ አላስቀምጥ አለችኝ።» ስልክ ቁጥሯን መዝገቤ ላይ ራሷ ጻፈችልኝ።

ከተማውን እንደለቀቅን እንደ ልማዴ ማይኩን ይዤ ቆምኩና ሁሉም ስሙንና የመጣበትን ምክንያት እንዲናገር ጠየቅሁ። አንዱ ታሪክ ስለምወድ አለ፣ ሌላዋ ፎቶ ለማንሳት አለች። እትዬ ከድጃ ጋ ሲደርስ «ድምፅ ልሰማ ነው» ብለው ቁጭ አሉ። ሰው በደግ ሳቅ ሳቀ። እኔም «እንግዲያውስ ትክክለኛውን መኪና ነው የያዙት እትዬ!» ብዬ ሳቁን አጀብኩ።

ደብረ ሲና ቆሎ ለመግዛት ቆምን። ሁሉም ሲወርድ እትዬ ከድጃ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። በጣታቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ና እስቲ። ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አውጥተው አሳዩኝ። የኔ ቪዲዮ ነው። ሸላዩ በቀጭኑ ቁመቱ ቆሟል።

«እንዴት አላውቀውም!» አልኩ በኩራት። «እኔ ነኝ የቀረጽኩት።»

እጄን ሳቡና ሳሙት። እናቴን የሚያህሉ ሴት እጄን ሲስሙኝ ደነገጥኩ።

«ወላሂ አላህ ነው አንተን የላከልኝ» አሉ። «እስቲ ስማ፣ እዚህ ላይ ምን እንደሚል።»

ወደ መጨረሻው ወሰዱት። ሸላዩ እንዲህ ይላል፦

«የከድጃ ሰይድ የማማው ዘበኛ፣
ጩኸቱን ሰምቶ ወፍ ሌሊቱን አልተኛ።»

ደጋግሜ የሰማሁት ግጥም ነው። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቄ ግን አላውቅም።

«ከድጃ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ። «ሰይድ ልጄ ነው። ማጀቴ ሳለን ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይጠብቅ ነበር፤ ጩኸቱ ሰፈር ያናውጣል። ቁርሱን ይዤለት ስሄድ እየቀለድኩ የገጠምኩለት ናት። ከእኔና ከሱ በቀር የሚያውቃት የለም። ዘምቶ እንኳ ሲደውልልኝ ‹እማ፣ የማማው ዘበኛ ነኝ› ነበር የሚለኝ። ስልኩ ከጠፋ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የጠየቅሁት ሁሉ አላየሁም አለኝ። ይኸው ጎረቤቴ ይህን አሳየችኝ። ሰይድ ነው የሰጠው! የሰጠው ሰው ደግሞ ያለበትን ያውቃል። አይደለም?»

«ፋጡማ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም። እሷ ተስፋ ቆርጣለች፤ ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ወጥታ ታለቅሳለች። ይዤው ስመጣ ትየው ብዬ ነው።»

ቆርጬ የጣልኩት መጨረሻው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሸላዩ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር። ምን እንዳለ ደህና አድርጌ አላስታውስም፤ የሚያስደስት አለመሆኑን ግን አስታውሳለሁ።

«እናገኘዋለን እትዬ» ብዬ ወረድኩ።

ከመኪናው ኋላ ቆሜ ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ፈልጌ አገኘሁትና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ቆሎ ሻጮቹ ይጮሃሉ። ሸላዩ ግጥሙን ጨርሶ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ በተሰበረ ድምፅ «ይህ የኔ አይደለም፤ የወንድሜ የሰይድ ነው። የማጀቴው ሰይድ። በእጄ ነው የቀበርኩት። የሱ የሆነ ሰው ካለ ይስማኝ» ይላል።

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። በአራተኛው ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

እንግዲህ መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሞት ለአንዲት እናት መንገድ ላይ፣ ባዕድ በተሞላ መኪና ውስጥ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ በማለዳ፣ የሚደግፍ ሰው በግራና በቀኝ ተቀምጦ ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ይህ እውነት ለእኔ መደበቂያም ሆነኝ። መዝገቡን ገልጬ ፋጡማ ጋ ደወልኩ።

የሰማሁትን ነገርኳት። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «እርግጠኛ ነህ?»

«የቀበረው ሰው ሲናገር የቀረጽኩት አለ። ልላክልሽ?»

«አትላክልኝ!» ከዚያ አለቀሰች። እኔም የወንድሟን መርዶ የነገርኳት በስልክ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋን አስተካከለች። «ስማኝ። አጎቴ ጋሽ ይመር ማጀቴ አለ። አሁን እደውልለታለሁ፤ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። እሱ እስኪደርስ እናቴ ከዚያ ሰውዬ ጋር እንዳትገናኝ። በነጋሪት መሃል፣ ሰው እያጨበጨበ እንዳትሰማው። እባክህ ወንድሜ።»

«እሺ» አልኳት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ማይኩን አላነሳሁም። «አስጎብኚያችን ምነው ዝም አለ?» አለ አንዱ። ዝምታዬን የሞሉት እትዬ ከድጃ ነበሩ። የቆላው ሙቀት በመስኮት ሲገባ ፊታቸው ፈካ፤ ሻርፓቸውን ላላ አደረጉት። «ያ ማሾ ነው፣ ያ ማንጎ ነው» እያሉ ለከተማ ልጆቹ ያሳያሉ። የማሽላ ማሳ ባየን ቁጥር ደግሞ ስለ ሰይድ ያወራሉ፤ ከማማው ላይ ወድቆ እንዳላነከሰ ለማስመሰል እንዴት ሲዘል እንደመጣ ሲነግሯቸው መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ። ከማጀቴ ሸዋሮቢት ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ መኪና ከተገኘ።

ሜዳው ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ሰዉ ሞልቷል፣ ነጋሪቱ ጀምሯል። እትዬ ከድጃን ከመድረኩ ራቅ ካለ ግራር ሥር አስቀመጥኳቸው።

«ፀሐዩ እስኪበርድ እዚህ ይሁኑ እትዬ። ሰውዬውን እኔ ፈልጌ አመጣልዎታለሁ።»

«እሺ ልጄ። አደራህን ቶሎ በል።»

ሸላዩን ከመድረኩ ጀርባ ድንኳን ውስጥ አገኘሁት። ይርጋ ይባላል፤ የአጣዬ ልጅ ነው። ከሌሎቹ ተነጥሎ፣ በደህናው እጁ ውሃ ይጠጣ ነበር። የሰይድ እናት እዚህ እንዳሉ ስነግረው የውሃውን ኩባያ መሬት ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«እናቱ?» አለ። «ሰምታለች?»

«አልሰሙም። ወንድማቸው እስኪመጣ ነው። ዛሬ ያቺን ግጥም እንዳታነሳት።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀና ብሎ በደንብ አየኝ።

«ማጀቴ መናኸሪያ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ» አለኝ። «ምን ብዬ ቤቷ ልግባ? እኔ በሁለት እግሬ ቆሜ? ስላቃተኝ ነው ባለፈው ዓመት እዚህ የተናገርኩት። አንተ አልነበርክም እንዴ የምትቀርጸው? ስልክህን እያየሁ ነበር የተናገርኩት። ይሄ ልጅ የቀረጸው በየቤቱ ይደርሳል፣ አንድ ሰው ሰምቶ ይነግራታል ብዬ። አላወጣኸውም?»

«አውጥቼዋለሁ» አልኩ።

«ታዲያ እንዴት አልሰማችም?»

የውሃውን ኩባያ ከመሬት አንስቼ ሰጠሁት። ተራው ደርሶ ጠሩት።

ከድንኳኑ ስወጣ ግራሩ ሥር ማንም የለም። ፌስታላቸው ብቻ ተቀምጧል። ሰዉን እየገፋሁ ስፈልጋቸው ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ከሴቶቹ መሃል ቆመው አገኘኋቸው። እጃቸውን ያዝኩ። «እትዬ፣ ጥላ ወዳለበት እንሂድ፤ ሙቀቱ ለደም ግፊትዎ...»

«ተወኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳያነሱ።

ይርጋ ሌላ ቀረርቶ አለ። ቃሉን እንደጠበቀልኝ አየሁ። ሰዉ እየተቀበለው፣ እምቢልታው እያጀበው ጨረሰና ለመውረድ ፊቱን አዞረ። ያኔ ነው እትዬ ከድጃ እጄን አስለቅቀው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት የሄዱት። በቀጭን፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ ግን ሜዳው ሁሉ በሰማው ድምፅ፦

«የከድጃ ሰይድ የማማው ዘበኛ!»

ይርጋ ጀርባውን እንደሰጠ ቆመ። እምቢልታ ነፊዎቹ አንድ በአንድ አቆሙ። ነጋሪት መቺው ምን እንደሆነ ስላልገባው ጥቂት መታ፤ አንድ ሽማግሌ ክንዱን ያዙት። እትዬ ከድጃ የቀረውን ስንኝ የሚመልስላቸው ሰው ይጠብቃሉ።

ይርጋ ከመድረኩ ወረደ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ፊታቸው ሲደርስ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን አቀፈና ግንባሩን እዚያው ላይ አስደግፎ ቀረ።

እትዬ ከድጃ እጃቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ራሱ ላይ አሳረፉት። ሲያውቁ አየኋቸው። ማንም ሳይነግራቸው፣ ከዚያ ልጅ አወዳደቅ አወቁ።

«አንተ ነህ የቀበርከው?» አሉ።

«አዎ እማማ። በእጄ።»

«ውሃ ጠይቆ ነበር?»

«አልጠየቀም። ቶሎ ነው የሄደው። ምንም ለማለት አልደረሰም።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ይወድቃሉ ብዬ ከኋላቸው ክንዴን ዘርግቻለሁ።

«አንተ ክርስቲያን ነህ አይደል?»

«አዎ።»

«እንዴት አድርገህ አስተኛኸው ታዲያ? ወደ ቂብላ ነው?»

ይርጋ ቀና አለ። ፊቱ በእንባና በአቧራ ተለውሷል። «አቅጣጫውን አላውቅም ነበር እማማ። የምጠይቀው ሰውም አልነበረም። ግን ሁልጊዜ ሲሰግድ ከአጠገቡ ስለነበርኩ ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ። ሲሰግድ ወደሚዞርበት አዙሬ በጎኑ አስተኛሁት።»

እትዬ ከድጃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፤ ከዚያ «እናትህን አላህ አያሳያት፣ እኔን ያሳየኝን» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ይርጋም አጠገባቸው ተቀመጠ። አልጮኹም። ደረታቸውን አልደቁም። ደህና ያልሆነውን ግራ እጁን ይዘው እንደሚያሞቁት ሁሉ ያሻሹት ነበር። ሲፎክሩ የነበሩት ወንዶች ዱላቸውን እያወረዱ በዙሪያቸው ቁጢጥ አሉ። እንግዶቼም፣ እነዚያ ለፎቶ የመጡት፣ ስልካቸውን አላወጡም።

ጋሽ ይመር ከሁለት ሽማግሌ ጋር የደረሱት ከሰዓት በላይ ቆይተው ነው። መንገዱን ሁሉ እንዴት ብለው እንደሚነግሯቸው ሲማከሩ መጥተዋል፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል። እትዬ ከድጃ ከተቀመጡበት ቀና ብለው «ይመር፣ ሰምቻለሁ» አሏቸው። «አትቸገር።» ያን ጊዜ ነው ወንድምየው በቁማቸው ያለቀሱት፤ እትዬ ከድጃም ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።

እነ ጋሽ ይመር ከግራሩ ሥር በውሃ ታጥበው ውዱእ አድርገው፣ አስከሬኑ በሌለበት የጀናዛ ሶላት ሰገዱለት። ከሰልፉ ኋላ ይርጋ ጫማውን አውልቆ ብቻውን ቆሞ ነበር።

እትዬ ከድጃ ከወንድማቸው ጋር ወደ ማጀቴ ሄዱ፤ እኔ እንግዶቼን ከሰዓት በኋላ ይዤ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ለሰደቃው ማጀቴ ከይርጋ ጋር ሄድኩ። ሰው ቀለል ሲል እትዬ ከድጃ ፊት ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ይርጋ የልጃቸውን ሞት የተናገረው ስልኬን እያየ እንደነበር፣ ያንን ቆርጬ የጣልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የቆረጥኩትም ሰው አይወደውም ብዬ እንደሆነ። ስለቆረጥኩት አንድ ዓመት ሙሉ እንደጠበቁ፣ ተስፋ የሆናቸውም ያው የኔ ቪዲዮ እንደነበር። ይርጋም ከጎኔ ሆኖ ይህን የሰማው ያኔ ነው።

እትዬ ከድጃ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ልጅ አለህ?»

«የለኝም እትዬ።»

«እሺ» አሉ። ተነስተው ሌላ ሰው ሊሸኙ ሄዱ። ያን ቀን ዳግመኛ አላናገሩኝም። ይርጋም እስከ አጣዬ ድረስ መስኮቱን እያየ ነው የሄደው፤ ሲወርድ ግን ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወረደ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ «ይቅር አሉኝ፣ ቀለለኝ» ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። አላሉኝም። አርባ ሰከንዱን መልሼ አወጣሁት፤ ግን የሚሰማው ሰው ከሰማ በኋላ ነው ያወጣሁት። አሁንም አስጎብኚ ነኝ። ቀረርቶ ሲሰማ ግን ከማጨብጨቤ በፊት ሸላዩን ፈልጌ «ግጥሙ የማነው? ሰውየው አለ?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ የለም። እናንተም ስልካችሁ ላይ የሚያልፍ ሰው ስም ሲጠራ ብትሰሙ፣ ያ ስም የሆነ ቤት ውስጥ እየተጠበቀ ይሆናል። እኔ ያንን ሳላውቅ የኖርኩት ሥራዬ ሰው ማወቅ ነው እያልኩ ነው።

ከሰደቃው ሦስት ወር በኋላ እትዬ ከድጃ ደወሉልኝ። ሰላምታ አላስረዘሙም።

«ይርጋ የቀበረው ሰይድን ብቻ አይደለም አሉ። ሦስት ሌሎችም አብረውት አሉ። ይህን ታውቃለህ?»

«አላውቅም እትዬ።»

«እኔም አልጠየቅሁትም ነበር፤ የራሴን ብቻ ነው የጠየቅሁት። መኪናህን ይዘህ ና። እናቶቻቸውን እንፈልግ።»

የሁለቱን ቤት በሽማግሌዎችና በይርጋ ትዝታ አገኘነው። የሦስተኛው እናት ያሉት ከአንኮበር ወረድ ብሎ ነው። ትናንት ዘመዶቻቸውን አግኝተን ተነጋገርን፤ ዛሬ በማለዳ አብረን ሄድን። ሽማግሌዎቹ፣ ይርጋ፣ እትዬ ከድጃና እኔ ደጁ ላይ ቆምን። ከውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ይሰማል። እጄን በሩን ለማንኳኳት አንስቼ ማንኳኳት አቃተኝ።

እትዬ ከድጃ እጄን በቀስታ ወደ ታች መለሱት።

«ቆይ ልጄ» አሉኝ። «መጀመሪያ እኔ ልግባ።»